በካርቶን የታሰሩት ሠላሳ አንድ ካሴቶች

ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ወርቅአፈራሁ
የሕገወጥ ዘፈንና ፊልም ዝውውር መከላከል ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
ቦንጋ

ጉዳዩ፦ የታሰሩ ካሴቶች ሳይሻግቱ እንዲፈቱ በትሕትና ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች፣ እንዲሁም ቁልፉ ከጠፋ ሁለት ወር ለሞላው የንብረት ክፍልዎ በር ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። የዘንድሮው ክረምት እንደሚያውቁት ጨክኗል፤ ጉንፋኑም የሥልጣን ደረጃ አይለይም። ስለዚህ ጋቢ ከትከሻዎ አይለይ፣ እግርዎን ብርድ አያግኘው፣ የተቀመጡበት ቢሮ ጣሪያም ጠብታ አይወቅ። የንብረት ክፍልዎ ጣሪያ እንደሚያፈስ ግን በዓይኔ አይቻለሁና፣ ለእሱ የምመኝለት ጤና ሳይሆን ቆርቆሮ ነው።

የማቀርብልዎ ልመና አንድ ብቻ ነው። ሰኔ 12 ቀን ከሱቄ ተወስዶ በንብረት ክፍልዎ የተቆለፈበት፣ ሠላሳ አንድ ካሴቶች የያዘው የብስኩት ካርቶን እንዲከፈትልኝ ነው። ቦንጋ ውስጥ አልጋ ሥር የተረሳ ጫማ በሁለት ሳምንት ጢም እንደሚያበቅል ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ የካሴት ክር ደግሞ ከጫማ ይልቅ ስስ ነው። ክሩ ሻግቶ ከተጣበቀ በኋላ የእርስዎም ይቅርታ፣ የእኔም ዲግሪ አያላቅቀውም። ልመናዬ አንድ ሆኖ ሳለ ደብዳቤው የረዘመው፣ ጽሕፈት ቤትዎ የዋለልኝ ውለታ ብዙ ስለሆነና ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ስለመሰለኝ ነው።

ማን እንደሚጽፍልዎ ላስታውስዎ። ትሕትና ሀብተሥላሴ እባላለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በኢንፎርሜሽን ሳይንስ በማዕረግ ተመርቄ ወደ ትውልድ ከተማዬ ስመለስ፣ ለተመራቂዎች በተዘጋጀው የሥራ ፈጠራ ሥልጠና ላይ እርስዎ መድረክ ወጥተው «መንግሥት ሥራ እስኪሰጣችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ፤ ዙሪያችሁን እዩ፣ ሕዝቡ የቸገረውን ፈልጉ» ብለው ሲመክሩን፣ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ቃል በቃል ትጽፍ የነበረችው እኔ ነበርኩ። አምኜዎት ነበር። ይህንን ስሕተቴን ዛሬም ሙሉ በሙሉ አላረምኩትም፤ ባላምንዎትማ ኖሮ ይህን ሁሉ ገጽ አልጽፍም።

እንደ ምክርዎ ዙሪያዬን አየሁ። ያየሁት ካሴት ነው። በዚህ ከተማ በየቤቱ፣ ቡፌ ውስጥ ከማይነኩት የእንግዳ ብርጭቆዎች ጎን፣ በሥርዓት የተደረደረ ካሴት አለ፤ ማጫወቻው ቴፕ ግን ወይ ቀበቶው ተበጥሷል፣ ወይ ልጆች ፈታትተውታል፣ ወይ ክሩን እንደ በግ አንጀት እየጎለጎለ ይበላል። ሰዎቹ ዘፈናቸውን በላባቸው ገዝተዋል፤ ሽፋኑን ያያሉ፣ ዘፈኑን ግን አይሰሙም። እኔም መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ላፕቶፔንና ከአጎቴ የተዋስኩትን ጤነኛ ቴፕ አስቀምጬ ሥራ ጀመርኩ። ደንበኛው የገዛውን ካሴት ይዞልኝ ይመጣል፤ እኔ ካሴቱ ላይ ያሉትን ዘፈኖች ብቻ፣ አንድም ሳልጨምር፣ ጥርት ያለውን ቅጂ ከኢንተርኔት አውርጄ ፍላሹ ወይም ስልኩ ላይ እጭንለታለሁ። ኢንተርኔት የማያውቃቸውን፣ በተለይ በቋንቋችን በካፊኖኖ የተዘፈኑትን፣ ከራሱ ከካሴቱ እቀዳለሁ። በሱቄ በር ላይ በቀይ ቀለም የጻፍኩት ሕግ አንድ መስመር ነበር፦ «ካሴት የሌለው አይስተናገድም»።

በዚህ ሕግ ቀልጄ አላውቅም። የወለደኝ አባቴ ጋሽ ሀብተሥላሴ አንድ ቀን ሽፋኑ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ካሴት ይዞ መጣ። «አባዬ፣ ይሄኮ የተቀዳ ነው፤ ዋናው የታለ?» ስለው፣ «ዋናው ደካ ከተማ ሳስተምር የቀዳልኝ መምህር ጋ ነው፤ ደግሞ አንቺን በነጻ አሳድጌ ማስረጃ ልጠየቅ?» አለኝ። አልጫንኩለትም። ሦስት ቀን ኩርፊያ ሆነ፤ እናቴ ራታችንን በሁለት ሳህን ለያይታ አቀረበች። በአራተኛው ቀን ግን ከጎረቤት ጋር ቆሞ «የእኔን ልጅ በዝምድና አትገቡባትም» እያለ ሲኮራ በመስኮት ሰማሁት። ለእያንዳንዱ ካሴት ቁጥር እሰጣለሁ፤ በትንሽ ወረቀት ላይ የባለቤቱን ስም፣ የትና መቼ እንደገዛው ጽፌ ከካሴቱ ጋር በላስቲክ አስራለሁ። ከዋጫ ከተማ በፌስታል ጠቅልሎ ያመጣ መምህር አለ፤ ከቢታ ገነት በዘመድ እጅ የላከች እናት አለች፤ ራሱ መምጣት ስላልተመቸው ሰው የላከ ታላቅ ሰውም አለ። ያ ካርቶን ተራቸውን የሚጠብቁትና ባለቤቶቻቸው ገና ያልወሰዷቸው የሚቀመጡበት ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ንግድ ፈቃዴ።

ይህኛው በቀጥታ የእርስዎ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን ባለሙያዎ በኋላ ስለተገለገለበት ድርሻዎን ይውሰዱ። ፈቃድ ላወጣ መስኮቱ ላይ ስቆም፣ ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠችው እኅት «እንዲህ ያለ ዘርፍ ሲስተሙ ላይ የለም፤ በአጭሩ ምንድን ነው የምትሠሪው?» አለችኝ። እኔም በአጭሩ «ዘፈን አወርዳለሁ፣ እጭናለሁ» አልኳት። ፊቷ በራ። «እንዲህ አትይም! ጫኝና አውራጅ በይኛ!» ብላ ቁልፉን መታችው። «ኧረ እኅቴ፣ ጆንያ አይደለም» ብላትም «ሲስተሙ የሚያውቀው ጫኝና አውራጅ ነው፤ አሁን ውሰጂው፣ በኋላ ይስተካከላል» አለችኝ። እነሆ በማዕረግ የተመረቅኩት እኔ፣ አርባ ስምንት ኪሎዬን ይዤ፣ በሕግ ፊት ጫኝና አውራጅ ነኝ።

ወሬው ፈጥኖ መናኸሪያ ደረሰ። በሳምንቱ የጫኝና አውራጅ ማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ ሐዲስ ሁለት ደረተ ሰፊ ጎረምሶች አስከትለው መጡ። «እኅቴ፣ እዚህ ሰፈር ማኅበሩ ሳያውቅ ጭነት አይነካም፤ አንቺ የምትጭኚው በየትኛው በር በኩል ነው?» ሲሉኝ፣ ፍላሽ መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው። ተቀብለው አገላበጡት፣ መዘኑት፤ «በውስጡ ስንት ዘፈን አለ?» አሉ። «አሥራ ሁለት» አልኳቸው። «በይ ይሄንንስ ብቻሽን ተሸከሚው» ብለው እየሳቁ ሄዱ። ክቡር ሆይ፣ ጋሽ ሐዲስ ቆመው በአምስት ደቂቃ የተረዱትን ነገር ግብረ ኃይልዎ ተቀምጦ በሁለት ወር አልተረዳውም። ለጥናታችሁ ጥልቀት ያለኝን አድናቆት ይቀበሉ።

ሁለተኛ፤ ሰኔ 12 ቀን ስለተደረገልኝ ጉብኝት።

ሐሙስ ነበር፤ መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ባለሙያዎ አቶ በእምነት ሁለት ሰዎች አስከትሎ ገባ። ጨዋ ሰው ነው፤ ጫማውን እንኳ በሩ ላይ ጠርጎ ነው የገባው። ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ አንብቦ «ፈቃድሽ ለጆንያ ነው፤ ጆንያሽ የታለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገሩን ከሥሩ አስረዳሁት። በካርቶኑ ውስጥ ያለው ሁሉ በባለቤቶቹ የተገዛ መሆኑን፣ የምጭነውም እነሱ የገዙትን ብቻ እንደሆነ፣ ወረቀቶቹ ራሳቸው እንደሚመሰክሩ ነገርኩት። ሁለት ሦስት ካሴቶች አንሥቶ ካየ በኋላ «ጥሩ ነው፤ ማስረጃው ተሟልቷል» አለ። ነጻ የምወጣበት ማስረጃ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። የምከሰስበት ነበር።

ካርቶኑ ከመታሸጉ በፊት ስሞቹን አንድ በአንድ እንዲያነብ ለመንኩት፤ የሚወስደው የእኔን ዕቃ ሳይሆን የሰው አደራ መሆኑን ነገርኩት፤ ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ከሌለው ቢያንስ ሠላሳኛዋን ያንብባት አልኩት። «ስም የሚነበበው ቢሮ ነው» አለኝና ካርቶኑን በፕላስተር ጠቅልሎ ማኅተም መታበት። በሰጠኝ ደረሰኝ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ካሴት፣ 31 ፍሬ፣ አሮጌ፣ ዋጋ የሌለው»። ክቡር ሆይ፣ ዋጋ ከሌለው ለምን በማኅተም ታሸገ? ዋጋ ካለውስ ለምን ከባልዲ አጠገብ ተጣለ?

ባልዲውን ያየሁት ሦስተኛ ጊዜ ስመላለስ ነው። መጀመሪያ ስመጣ የንብረት ክፍል ኃላፊው ሥልጠና ላይ ናቸው ተባልኩ። ሁለተኛ ስመጣ ቁልፉን ይዘውት ሄደዋል ተባልኩ። ሦስተኛ ስመጣ እሳቸው ተመልሰዋል፣ ቁልፉ ግን አልተመለሰም ተባልኩ፤ ያን ቀን በጓሮ ዞሬ በመስኮቱ ተመለከትኩ። ጣሪያው ይንጠባጠባል፣ ባልዲው ሞልቶ ይፈሳል፣ ካርቶኔም ታዛዥ እስረኛ ሆኖ ቁጭ ብሏል። አራተኛ ስመጣ ስለ ባልዲው ተናገርኩ፤ «እሱን ለማን ነው የምትናገሪው?» ተባልኩ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። አራቱንም ቀን።

ሦስተኛ፤ ገበያተኛው ምን እንደገዛ ስለተሰጠኝ ትምህርት።

አቶ በእምነት ሲወጣ እንዲህ አለኝ፦ «ሰዎቹ የገዙት ካሴቱን ነው እንጂ ዘፈኑን አይደለም። ካሴቱ ካለቀ ዘፈኑም አለቀ። በግ ገዝቶ በጉ የሞተበት ሰው ሌላ በግ በነጻ አይወስድም፤ መስማት የፈለገ እንደገና ይግዛ።» ይህን ትምህርት ሳብላላው ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያ አባቴን አንድ ነገር ጠየቅሁት፦ በዚያ ዘመን ባዶ ካሴት ይሸጥ ነበር ወይ? ይሸጥ ነበር አለኝ። ከተዘፈነበት ጋር ዋጋው አንድ ነበር ወይ? ሳቀብኝ። ባዶው ርካሽ፣ የተዘፈነበት ውድ ነበር። ፕላስቲኩ ያው፣ ክሩ ያው፣ አራቱ ብሎኖች ያው። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ከደመወዙ ቆንጥሮ ጨምሮ የከፈለው ለምንድን ነው? ለብሎኑ ነው? በጉም ቢሆን አንዱ ሲበላው ለሌላው አይተርፍም፤ ዘፈን ግን እኔ ስሰማው ከእርስዎ አይጎድልም። ዘፋኙስ በግ አርቢ ነው እንዴ?

እሺ፣ እንደገና ይግዙ። ከየት? ድሮ ካሴት ይሸጡ የነበሩት ሱቆች ዛሬ የስልክ ሽፋንና የፀጉር ቅባት ነው የሚሸጡት። በኢንተርኔት የሚሸጠውን እንግዛ ብንል በውጭ አገር ካርድ ነው፤ ያ ካርድ የለኝም፣ የደንበኞቼም ቦርሳ ውስጥ የለም። በካፊኖኖ የተዘፈነውማ በየትኛውም የዓለም ሱቅ መደርደሪያ ላይ የለም፤ ያለው ወይ ቡፌ ውስጥ ነው፣ ወይ በእርስዎ ዝናብ ሥር።

ጻድቅ ነኝ ልልዎ ግን አልፈልግም። እኔንም የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ከኢንተርኔት የማወርደውን ዘፈን እዚያ የለጠፈው ሰው ማን ፈቅዶለት እንደለጠፈው አላውቅም። ዘፋኙ አንዴ ተከፍሎታል፤ ሁለተኛ ጊዜ እኔ ስጭነው ግን እሱ ምንም አያገኝም፣ እኔ ለድካሜ እቀበላለሁ፤ ይህ ልክ ነው ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። አንዲት ሴት ካሴቱ ጠፍቶባት ሽፋኑን ብቻ ይዛ መጥታ መልሻታለሁ፤ የሄደችበትን ፊት ሳስታውስ ዛሬም ልክ መሆኔን እርግጠኛ አይደለሁም። ምንም ሳይገዛ መቶ አልበም የሚያስጭነውንና የገዛውን የሚያስጭነውን በአንድ ስም ሌባ ብሎ መጥራት ግን ፍርድ አይደለም፤ ስንፍና ነው።

ደግሞም ይህን ጭንቀቴን እርስዎ አያውቁትም ማለት አልችልም፤ ጽፌልዎት ነበርና። በሚያዝያ ወር በአንድ ገጽ ማመልከቻ ምን እንደምሠራ ዘርዝሬ፣ ከምጭነው ከእያንዳንዱ ካሴት ላይ ለዘፋኙ ድርሻ ማስቀመጥ እንደምፈልግ፣ የሚረከበኝ መስኮት የትኛው እንደሆነ እንዲጠቁሙኝ ጠይቄ ነበር። በማመልከቻዬ ጥግ ላይ «ለሚመለከተው» ተብሎ ተመራ። የሚመለከተውም ሰኔ 12 ቀን ማኅተምና ፕላስተር ይዞ መልሱን በእጁ አደረሰልኝ። ደብዳቤ የማይመልስ ጽሕፈት ቤት አለ ብለው የሚያሙ ሰዎች በእኔ ይፈሩ።

አራተኛ፤ ስለ ጎረቤቴ ስለ ይዲድያ።

ይዲድያ ከሱቄ ማዶ የሙዚቃ ቤት አለው። ካሴት አይጠይቅም፣ ሽፋን አይጠይቅም፣ ስምም አይጠይቅም፤ የተዘፈነውን ሁሉ፣ ትናንት ማታ የወጣውንም ጭምር፣ ፍላሽ ላይ ይገለብጥልዎታል። ያው ሐሙስ ቀን አቶ በእምነት ከእኔ ወጥቶ እሱ ጋ ገባ፤ ዙሪያውን አየ፤ «ኤግዚቢት አልተገኘም» ብሎ ጽፎ ወጣ። ይዲድያ ማታ ሻይ ይዞልኝ መጥቶ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ትሕትናዬ፣ ሌባ ማስረጃ አያስቀምጥምኮ! ይሄን እንኳ ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩሽም? ያንን ካርቶን የረገመሽ ሰው ነው ያስያዘሽ!» አለኝ። ያስያዘኝ የእርስዎ ምክር ነው ልለው ፈልጌ ዋጥኩት።

ሐምሌ 5 ቀን ባዘጋጁት የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ላይም ተገኝቼ ነበር፤ ከኋላ፣ ከምሰሶው ጎን። «የፈጠራ ሰውን ላብ እንጠብቅ» የሚለው ጨርቅ ከራስዎ በላይ ተሰቅሎ፣ ከንግግርዎ በፊት ማሟሟቂያ ዘፈን ተከፈተ። ዘፈኑ ደርቶ መሐል ላይ ሲደርስ ከድምፅ ማጉያው «ይዲድያ ሙዚቃ ቤት! ያልተጫነ የለም!» የሚል የታወቀ ድምፅ አዳራሹን አናወጠው። ሕዝቡ በሳቅ ወደቀ። እርስዎም የግጥሙ አካል መስሎዎት አጨበጨቡ። ለፈጠራ ሰው ያለዎትን ክብር ያን ቀን በዓይኔ ስላየሁ አመሰግናለሁ።

አምስተኛ።

እስከ አራተኛው ድረስ እየሳቅሁ ጽፌያለሁ። ይህኛውን እየሳቅሁ መጻፍ አልቻልኩም፤ አንደበቴ ቢያጥርብኝ ይታገሡኝ።

እትዬ ሳቢራ ገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጣሉ። ከሠላሳ ዓመት በፊት አባታቸው ኸሊፋ ዕቃ ሊያመጡ ጅማ ወርደው የመንዙማ ካሴት ገዝተው ተመለሱ። መንዙማው ካለቀ በኋላ በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ትንሽ ባዶ ክር ይተርፋል፤ አባትዬው ቴፑ ይሠራ እንደሆነ ሊሞክሩ መቅጃውን ይጫኑታል። እዚያች ክር ላይ የሚስታቸው የጠይባ ድምፅ ገብቷል። ድምፁ እንዲህ ይላል፦ «ኸሊፋ! ይሄ ነገር እየቀዳ ነው እንዴ? ኧረ አጥፋው፣ ባትሪ ትጨርሳለህ!» ከዚያ ሳቅ። ከዚያ ቀጭ የሚል የቁልፍ ድምፅ። አለቀ። በሰዓቴ ለክቼዋለሁ፤ ዘጠኝ ሰከንድ ነው። ጠይባ ካረፉ ሃያ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ያኔ ስልክ የለ፣ ቪዲዮ የለ። እትዬ ሳቢራ የእናታቸው ድምፅ ያላቸው እዚያ ብቻ ነው።

ካሴቱን ረቡዕ ዕለት አመጡልኝ። መብራት ስላልነበረ ቴፑን በባትሪ አድርጌ አንዴ ከፈትኩላቸው። እናታቸው «ባትሪ ትጨርሳለህ» ሲሉ፣ እትዬ ሳቢራ በሻሻቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ፤ ከዚያ ሻሹ ወደ ዓይናቸው ወጣ። መንዙማውን አውርጄ እንደምጭንላቸው፣ የእናታቸው ድምፅ ግን ኢንተርኔት ላይ ስለሌለ ከክሩ መቀዳት እንዳለበት ነገርኳቸው። ያኔውኑ በስልኬ ልቀዳው እችል ነበር። አልቀዳሁትም። በስልክ ከተቀዳ ጥራቱ ይበላሻል፣ መብራት ሲመጣ በላፕቶፑ በደንብ እሠራዋለሁ ብዬ አሳደርኩት። የተመራቂ ኩራት ነው፤ ይህ ጥፋት የእኔ ነው፣ በእርስዎ ላይ አላላክክም። በማግስቱ መብራቱ ሳይመጣ አቶ በእምነት መጣ።

አሁን አንድ ነገር ያስረዱኝ። መንዙማው የተገዛ ነው፤ ማውረዱ ወንጀል ነው ካላችሁ እንከራከራለን። የጠይባ ድምፅስ? ማን ነው የሸጠው? ማን ነው የገዛው? ባለመብቱ ማነው? ፈቃድ ከማን ላምጣ፣ ከመቃብር? ግብረ ኃይሉ የሰውን ላብ ሊጠብቅ ተቋቁሞ፣ የአንዲትን ሴት እናት ዝናብ ሥር አስቀምጦ ቁልፉን የጣለ መሆኑን ስንት ሰው ያውቃል?

እትዬ ሳቢራ በየቅዳሜው ገበያ ሱቄ ደጃፍ ይቆማሉ። በመጀመሪያው ቅዳሜ «ልጄ፣ እናቴን ፈቷት?» ብለው ጠየቁኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን። በሁለተኛውም ሳቅን። ባለፈው ቅዳሜ ያንኑ ቃል ጠየቁኝ፤ ማናችንም አልሳቅንም። እንዲያውም እኔን ያጽናኑኛል፤ «አንቺ ምን ታደርጊ፣ አይዞሽ» ይሉኛል። ቢሰድቡኝ ይህን ያህል ባልከፋኝ ነበር።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ክሱ ይቀጥል። በወንጀሌ እከራከራለሁ፣ ብሸነፍም እቀጣለሁ፤ ወጣት ነኝ፣ ጊዜ አለኝ። ፈቃዴንም ከፈለጉ ይውሰዱት፤ ጋሽ ሐዲስ ጆንያ ያዋጡልኛል። ካሴቶቹም በኤግዚቢትነት ከእናንተ ዘንድ ይቆዩ፤ ደረቅ ቦታ ብቻ ይቀመጡ። የምጠይቀው ዘጠኝ ሰከንድ ነው። የፊታችን ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከእትዬ ሳቢራ ጋር ጽሕፈት ቤትዎ እገኛለሁ። ቴፑንም፣ ባትሪውንም፣ ላፕቶፑንም ይዤ እመጣለሁ፤ ቁልፉ ካልተገኘ ቁልፍ የሚሠራ ሰው ይዤ እመጣለሁ፤ ስብሰባ ላይ ከሆኑም ደጅ ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን፤ ወንበር አታስቸግሩ፣ እሱንም ይዘን እንመጣለን።

ይህን ሁሉ ጊዜዎን ወስጄ ሳበቃ፣ ምንም ሳላጠፋ ብዙ እንዳስተማሩኝ፣ ምንም ሳልሰርቅ ስለ ሌብነት እንዳብራሩልኝ፣ ደብዳቤም ሳይጽፉ መልስ እንደሰጡኝ ሁሉ፣ አምላክ ለእርስዎም እንደ ሥራዎ ይመልስልዎ ዘንድ እየለመንኩ፣

ለመመሪያዎ ታዛዥ፣ ለንብረት ክፍልዎ ጣሪያ ተቆርቋሪ፣ በሕጋዊ ፈቃድ ጫኝና አውራጅ የሆንኩት፣

ትሕትና ሀብተሥላሴ
(ስሜ ነው፤ ጠባዬ ግን እያለቀብኝ ነው)

ግልባጭ፦
ለእትዬ ሳቢራ፣ ገበያው ዳር
ለጋሽ ሐዲስ፣ መናኸሪያ
ለንብረት ክፍሉ ባልዲ፣ እስካሁን ሥራውን በአግባቡ ለተወጣው ብቸኛ የጽሕፈት ቤቱ ባልደረባ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ካርቶኑን ለመክፈት ምክንያት ካጡ ላግዝዎ። ካሴቶቹ በቁጥራቸው ተራ ነው የተደረደሩት። አቶ በእምነት እንዲያነባት የለመንኩትን ሠላሳኛዋን ያንሡና በላስቲክ የታሰረችውን ወረቀት ያንብቡ፤ በእጄ ጽሑፍ እንዲህ ትላለች፦ «አቶ ወርቅአፈራሁ፤ አዲስ አበባ፣ በ1984 ዓ.ም. በተማሪነታቸው የገዙት፤ በሹፌራቸው እጅ የመጣ»። ዘፈኖችዎን መብራት ከመጥፋቱ በፊት አውርጄ ጨርሻለሁ፤ ጥርት ብለዋል፣ ፍላሽዎም መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ባደርስልዎ ደስ ባለኝ፤ ዳሩ ግን ሕጌን ያውቃሉ፣ ለወለደኝ አባትም አላላላሁትም፦ ካሴት የሌለው አይስተናገድም። ካሴትዎን ሲያወጡ ታዲያ ከጎኗ ያለችውን ሠላሳ አንደኛዋን ቀስ ብለው ይያዟት፤ እናት አሉባት።